ጃንጥላው ሥር ማን ሁለቴ ተቆጠረ? የአምብሬላ ሪቪው አሠራር

ባለፈው ሰሞን ማታ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደወለችልኝ። ሚድዋይፍ ናት፤ አሁን ራሷም ታስተምራለች።

«መምህር፣ አምብሬላ ሪቪው ልሠራ ነው» አለችኝ። «ሰባት ሲስተማቲክ ሪቪው አግኝቻለሁ። ሰባቱም ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው። ቁጥሮቹን ስታታ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ አስገብቼ ፑል ላድርጋቸው፣ ማለትም ጠቅልዬ አንድ ቁጥር ላውጣ?»

«እንዳታደርጊው!» አልኳት። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፤ ባለቤቴ ከጓዳ «ምን ሆንክ?» ብላ ብቅ አለች።

የጮህኩት በልጅቷ አይደለም፤ በራሴ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልክ እሷ ያለችውን አድርጌ ለአንድ ጆርናል ልኬ ነበር። ሥዕሉ ያምራል፣ የቁጥሩ የስህተት ክልል ጠባብ ነው፣ ደስ ብሎኛል። አንዱ ገምጋሚ የመለሰልኝ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «እነዚህ ሪቪዎች ስንት ጥናት ይጋራሉ?» መልስ አልነበረኝም። የሪቪዎቹን የማጣቀሻ ዝርዝር ገልጬ ማመሳከር ስጀምር አንድ ከተማ ላይ የተሠራ አንድ ጥናት አምስቱ ሪቪዎች ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። የዚያችን ከተማ እናቶች አምስት ጊዜ ቆጥሬያቸዋለሁ ማለት ነው። ጽሑፉን መልሼ ወሰድኩ። ከዚያ ወዲህ ስለ አምብሬላ ሪቪው የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ከዚህ ነው የምጀምርለት።

ነገሩ አዲስ ለሆነበት ሰው ባጭሩ ልበል። መነሻ ጥናት የምለው ሰው ጋ ሄዶ መረጃ የሰበሰበውን ነው፤ እናቶችን የጠየቀ፣ ካርድ ያገላበጠ፣ መድኃኒት ሰጥቶ የተከታተለ። ሲስተማቲክ ሪቪው እነዚያን መነሻ ጥናቶች በሥርዓት ፈልጎ፣ መርጦና መዝኖ አንድ ላይ ያመጣል። አምብሬላ ሪቪው ደግሞ የሪቪዎች ሪቪው ነው። ኦቨርቪው የሚሉትም አሉ።

ሦስት ጎረቤት በየተራ መጥቶ ስለ ቀብር ቢነግራችሁ ሦስት ሰው ሞተ ማለት አይደለም። ሦስቱም የሰሙት ከአንድ ጥሩምባ ነፊ ሊሆን ይችላል። የአምብሬላ ሪቪው ዋና ሥራ ጎረቤቶቹን መቁጠር ሳይሆን ጥሩምባውን የነፋው ማን እንደሆነ ማወቅ ነው።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ ያስፈልጋል?

አምብሬላ ሪቪው የሚያስፈልገው በአንድ ጉዳይ ላይ ብዙ ሪቪው ሲኖር ነው። በተለይ እርስ በርሳቸው ሲጣረሱ። አንዱ «ይጠቅማል»፣ ሌላው «ለውጥ የለውም» ካለ ያ ጥሩ ጥያቄ ነው። ያሉት ሁለት ሪቪዎች ብቻ ከሆኑ ግን ቁጭ ብሎ ሁለቱን ማንበብ ይበቃል። ሪቪዎቹ አርጅተው፣ ከእነሱ በኋላ ብዙ መነሻ ጥናት ወጥቶ ከሆነም የሚያስፈልገው አዲስ ሲስተማቲክ ሪቪው ነው። ሪቪዎቹ ያላዩትን ጥናት ጃንጥላውም አያየውም።

«ፈጣን ነው፣ መስክ አያስወጣም፣ በጀት አይጠይቅም» ተብሎ የተጀመረ ብዙ አይቻለሁ። መስክ አለማስወጣቱ እውነት ነው። ፈጣንነቱን እንጃ።

ተማሪዬ የያዘችው ጉዳይ በጤና ተቋም መውለድ ነው። መጀመሪያ ያሰበችው «ኢትዮጵያ ውስጥ ስንት በመቶ እናት በተቋም ትወልዳለች?» የሚለውን ነበር። እስቲ አገር አቀፉን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እዩት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በ2005 በተቋም የተወለደው 5 በመቶ ነበር። በ2011 10፣ በ2016 26፣ በ2019 ደግሞ 48 በመቶ ደረሰ። የእነዚህን ዓመታት ጥናቶች አንድ ላይ ደባልቆ አማካይ የሚያወጣ ሰው የሚያገኘው ቁጥር የማንም አይደለም። የ2005ቷም እናት አትሆንም፣ የ2019ኟም አትሆንም። ሪቪዎቹ ራሳቸው ይህን ድብልቅ ሠርተው ከሆነ በላዩ ላይ ሌላ ድብልቅ መጨመር ነው።

ስለዚህ ጥያቄዋን ቀየርነው፦ እናቶችን ወደ ጤና ተቋም የሚያመጣቸው ምንድን ነው? የቅድመ ወሊድ ክትትል፣ የርቀት ጉዳይ፣ የእናቶች ማቆያ ቤት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጉብኝት። እያንዳንዱ የራሱ ሪቪዎች አሉት፣ የራሱ ሠንጠረዥ ይኖረዋል። ጃንጥላ ማለት ይሄ ነው። ብዙ ጉዳይ ጎን ለጎን ታስቀምጣላችሁ እንጂ ሁሉንም አንድ ድስት ውስጥ አትከቱም።

ፕሮቶኮሉን ሳትጽፉ ፍለጋ አትጀምሩ

ፕሮቶኮል፣ ማለትም ሥራው ሳይጀመር የሚጻፈው ዕቅድ፣ ሲባል ብዙ ሰው ለጆርናል የሚሞላ ፎርም ይመስለዋል። ለእኔ ከራሴ ጋር የምፈራረመው ውል ነው። ውጤቱን ካየሁ በኋላ የሚመቸኝን ሪቪው መርጬ የማይመቸኝን እንዳልጥል ያስረኛል።

ፕሮስፔሮ ላይ መመዝገብ ይቻላል፤ ነፃ ነው። ከ2011 ጀምሮ በዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሚተዳደር የሪቪው ፕሮቶኮሎች መዝገብ ነው። ምዝገባው መረጃ ማውጣት ከመጀመራችሁ በፊት መሆን አለበት። ከመመዝገባችሁ በፊት ግን ፈልጉበት፤ የእናንተኑ ርዕስ ሌላ ሰው ይዞት ሊሆን ይችላል። ቀድማችሁ ማወቃችሁ ከስድስት ወር ልፋት ያድናችኋል።

ውሉ ውስጥ ሦስት ነገር አይቅር። አንደኛ፣ «ሲስተማቲክ ሪቪው» የምትሉት ምን እንደሆነ። ርዕሱ ላይ ስለተጻፈ ብቻ ሲስተማቲክ አይሆንም። እኔ ቢያንስ ሁለት ዳታቤዝ የፈለገ፣ የማካተቻ መስፈርቱን የጻፈና የመነሻ ጥናቶቹን ጥራት የመዘነ ካልሆነ አልቀበልም። ሁለተኛ፣ ሁለት ሪቪው ሲደራረብ የትኛውን እንደምትይዙ። ሦስተኛ፣ ቁጥር ፑል ታደርጋላችሁ ወይስ አታደርጉም። እነዚህን ዛሬ ካልወሰናችሁ ነገ ውጤቱ ይወስንላችኋል።

ፍለጋ

የምትፈልጉባቸው ዳታቤዞች፦ ፐብሜድ፣ ኮክሬን ላይብረሪ፣ ካገኛችሁ ስኮፐስና ኤምቤዝ። ኤፒስቴሞኒኮስን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ለዚህ ሥራ ግን እንደሱ የሚመች የለም። በተለይ ሲስተማቲክ ሪቪዎችን የሚሰበስብ ነፃ ዳታቤዝ ነው። አንድን ሪቪው ስትከፍቱ የያዛቸውን መነሻ ጥናቶች የሚያሳያችሁም ጊዜ አለ፤ ይህ በኋላ ብዙ ድካም ይቀንሳል። ጉግል ስኮላር ለማሟያ ይሁን። ሙሉ ጽሑፍ በክፍያ ከተዘጋባችሁ ለታዳጊ አገሮች ተቋማት ጆርናሎችን በነፃ ወይም በቅናሽ የሚከፍተውን ሂናሪን ሞክሩ። የይለፍ ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ ቤተ መጻሕፍት ነው ያለው፤ ሠራተኛውን ጠይቁት፣ ጠያቂ አጥቶ የተቀመጠ ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ የአገራችን ወጥመድ አለ። ስለ ኢትዮጵያ ስትፈልጉ «ኢትዮጵያ» ብቻ ብላችሁ አትፈልጉ። የእኛ አገር ጥናት «ምሥራቅ አፍሪካ»፣ «ከሰሃራ በታች»፣ «ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አገሮች» በሚሉ ሪቪዎች ውስጥም ተቀምጧል። እነዚያ ሪቪዎች የአገሩን ውጤት ለብቻው ካወጡት ይጠቅሟችኋል። ካላወጡት ደግሞ ለምን እንዳልተጠቀማችሁበት ትጽፋላችሁ።

የፈለጋችሁበትን ቃል እንዳለ ኮፒ አድርጋችሁ ከነቀኑ አስቀምጡ። ማጣራቱን ሁለት ሰው ለየብቻ ይሥራው። ራያን የሚባለው መሣሪያ ነፃ አማራጭ አለው፤ አንዱ የሌላውን ውሳኔ እንዳያይ መሸፈን ይቻላል። ኔትወርክ ሲጠፋ እንዳትቆሙ ፋይሉን አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ ያዙ። ሙሉ ጽሑፉን አንብባችሁ የጣላችሁትን እያንዳንዱን ሪቪው ከነምክንያቱ መዝግቡ። አሁን አሰልቺ ነው፤ በኋላ ግን አንድ ሰው መጠየቁ አይቀርም።

ተደራራቢነት፦ ሥራው ያለው እዚህ ነው

አሁን ኤክሴል ክፈቱ። ወደ ታች በየረድፉ መነሻ ጥናቶችን ጻፉ፤ ወደ ጎን በየአምዱ ሪቪዎቹን። ጥናቱ በሪቪው ውስጥ ካለ ምልክት አድርጉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ለተማሪዬ በስልክ ስነግራት «ይሄማ ቀላል ነው» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ምክንያቴ ግን ሌላ ነበር።

ችግሩ ስማችን ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ ስምና የአባት ስም ነው ያለን። ፈረንጁ ሥርዓት «ሰርኔም» ሲል አንዳንዱ ጆርናል የአባታችንን ይወስዳል፣ አንዳንዱ የራሳችንን። ስለዚህ ከበደ የሚባል አባት ያለው አበበ የሚባል ተመራማሪ በአንዱ ሪቪው «ከበደ እና ሌሎች» ተብሎ፣ በሌላው «አበበ እና ሌሎች» ተብሎ ይቀመጣል። ሁለት ጥናት ይመስላል፤ አንድ ነው። ፊደሉም አያርፍም። ታደሰ በላቲን ሲጻፍ አንዱ «ዲ»ውን ይደግማል፣ ሌላው «ኤስ»ን ይደግማል፣ ሌላው ሁለቱንም አይደግምም።

ከተሞቹ ደግሞ ሌላ ጣጣ ናቸው። ናዝሬትና አዳማ፣ ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱ፣ አዋሳና ሐዋሳ፣ አለማያና ሐረማያ። እኛ ስናየው ያው ነው። ሶፍትዌር ሲያየው ግን ስምንት ከተማ ነው። ለዚህ ነው ይህን ሥራ ለማሽን ብቻ መተው የማይሆነው። አገሩን የሚያውቅ ዓይን ይፈልጋል።

ዓመተ ምሕረቱም አለ። ጥናቱ በታኅሣሥ 2016 ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ በ2017 እትም ውስጥ ይገባል። አንዱ ሪቪው 2016 ይለዋል፣ ሌላው 2017። ያልታተመ የማስተርስ ቴሲስ ከሆነ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎበት ሌላ የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ይጨምራል። ቴሲሱ በኋላ በጆርናል ታትሞ ከሆነም አንዱ ሪቪው ቴሲሱን፣ ሌላው የታተመውን ይዞ ቁጭ ይላል።

ስለዚህ በስም አታመሳክሩ። እኔ በአራት ነገር ነው የማመሳክረው፦ ዲኦአይ (የጽሑፉ ቋሚ መለያ ቁጥር)፣ ቦታ፣ መረጃው የተሰበሰበበት ወር፣ የናሙና መጠን። ናሙናው 422 የሆነ ጥናት ስታዩ ግን ተጠንቀቁ። 50 በመቶ ወስዶ 384 አስልቶ 10 በመቶ ምላሽ ለማይሰጡ የጨመረ ሰው ሁሉ የሚደርስባት ቁጥር ናት፤ ግማሹ የአገራችን ጥናት 422 ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ስለዚህ 422 ከ422 ስለገጠመ ብቻ አንድ ናቸው አትበሉ። ቦታውና ወሩም ይግጠም።

ሠንጠረዡ ሲያልቅ ተደራራቢነቱን በቁጥር ታወጣላችሁ። ስሌቱ ኮረክትድ ከቨርድ ኤሪያ ይባላል፤ ሲሲኤ ብለን እንጥራው። በ2014 የቀረበ ነው። አሠራሩን በምሳሌ ላሳያችሁ።

እንበልና 4 ሪቪው አላችሁ። ድግግሞሹ ሲወጣ የተለያዩት መነሻ ጥናቶች 30 ናቸው። ሠንጠረዡ ላይ ያለው ምልክት በሙሉ ሲቆጠር ደግሞ 48 ነው። እያንዳንዱ ጥናት አንድ ጊዜ መገኘቱ ድግግሞሽ ስላልሆነ ከ48ቱ 30ውን ቀንሱ፤ 18 ይቀራል። እነዚህ 18ቱ ናቸው ትርፍ ቆጠራ። ሁሉም ሪቪው ሁሉንም ጥናት ቢይዝ ኖሮ ምልክቱ 30 በ4፣ ማለትም 120 ይሆን ነበር፤ ከዚያም ላይ 30ውን ቀንሱ፣ 90። አሁን 18ን ለ90 አካፍሉ። 0.20፣ ማለትም 20 በመቶ።

እስከ 5 በመቶ ትንሽ ነው። ከ6 እስከ 10 መካከለኛ። ከ11 እስከ 15 ከፍተኛ። ከ15 በላይ በጣም ከፍተኛ። የእኛ ምሳሌ 20 ነው። አራት ሪቪው አለን ብለን እንዳንኩራራ ይነግረናል።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አጠቃላዩ ሲሲኤ ዝቅ ብሎ ሁለት ሪቪዎች ብቻ መንትያ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ሁለት ሁለቱን እያጣመራችሁም አስሉ። ሌላው፣ በ2012 ፍለጋውን የጨረሰ ሪቪው የ2016ን ጥናት ሊይዝ አይችልም። እዚያ ሳጥን ላይ ያለው ባዶነት ምርጫ ሳይሆን ጊዜ ያመጣው ነው። እነዚያን ሳጥኖች ከስሌቱ ካላወጣችሁ ተደራራቢነቱ ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል። እኔ ግራጫ ቀለም እቀባቸዋለሁ።

ስሌቱን ደግሞ ለየጉዳዩ ለየብቻ ሥሩ። ስለ ማቆያ ቤት የሚያወሩት ሪቪዎች ምንም ላይጋሩ፣ ስለ ቅድመ ወሊድ ክትትል የሚያወሩት ግን አንድ ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ።

የሪቪውን ጥራት መመዘን

የጤና ጣልቃ ገብነትን ለሚመለከቱ ሪቪዎች አምስታር 2ን ተጠቀሙ። በ2017 የወጣ ነው፤ 16 ጥያቄ አለው። ከ16ቱ 7ቱ ወሳኝ ናቸው፦ ፕሮቶኮል ቀድሞ ነበር ወይ፣ ፍለጋው በቂ ነው ወይ፣ የተጣሉት ጥናቶች ከነምክንያታቸው ተዘርዝረዋል ወይ፣ የመነሻ ጥናቶቹ አድልዎ ተመዝኗል ወይ፣ ሜታ አናሊሲሱ (የጥናቶቹን ቁጥር በስታቲስቲክስ አንድ ላይ መጠቅለሉ) በትክክል ተሠርቷል ወይ፣ ውጤቱ ሲተረጎም አድልዎው ታስቦበታል ወይ፣ ሳይታተም የቀረ ጥናት ጉዳይ ታይቷል ወይ።

ነጥብ አትደምሩ። «ከ16 11 አገኘ» የሚል ጽሑፍ አሁንም አያለሁ። መሣሪያው እንደዚያ አይሠራም። አንድ ወሳኝ ጉድለት ከተገኘ ሪቪው «ዝቅተኛ» ነው፤ ከአንድ በላይ ከተገኘ «እጅግ ዝቅተኛ»። ሌላው ሁሉ ቢያምር አያድነውም። ስትሠሩት አብዛኛው ሪቪው እጅግ ዝቅተኛ ሊወጣባችሁ ይችላል፤ አትደንግጡ፣ እናንተ ጨካኝ ሆናችሁ አይደለም። የተጣሉ ጥናቶችን ዝርዝር የሚያያይዝ ሰው ጥቂት ስለሆነ ብቻ ብዙው እዚያው ይወድቃል። እጅግ ዝቅተኛ የወጣውን ሁሉ መጣልም አያስፈልግም። የትኛው ጥያቄ ላይ እንደወደቀ እዩ። ዝርዝር ያላያያዘ ሪቪውና ሜታ አናሊሲሱን ያበላሸ ሪቪው እኩል ጥፋተኛ አይደሉም።

ስርጭትን፣ ማለትም አንድ ነገር በሕዝቡ ውስጥ ስንት በመቶ እንደሆነ ለሚመለከቱ ሪቪዎች አምስታር 2 ልኩ አይደለም። ጄቢአይ የተባለው ተቋም ያዘጋጀው 11 ጥያቄ ያለው መመዘኛ ይሻላል። እኛ አገር የስርጭት ሪቪው ስለሚበዛ ይህን የምታስታውሱ ጥቂት ባትሆኑ ደስ ይለኛል።

ሌላው፣ የሪቪው ጥራትና የማስረጃ ጥራት ሁለት ነገር ናቸው። ወፍጮው ጥሩ ስለሆነ ጠጠር የበዛበት እህል ጥሩ ዱቄት አይወጣውም። እጅግ ንጹሕ ሆኖ የተሠራ ሪቪው «ያለው ማስረጃ ደካማ ነው» ሊል ይችላል፤ ሥራውን በደንብ ሠርቷል ማለት ነው። ለማስረጃው ግሬድ የሚባለውን መመዘኛ ተጠቀሙ። ሪቪዎቹ ራሳቸው ግሬድ አድርገው ከሆነ የእነሱን ውሰዱ፣ ግን ለምን ዝቅ እንዳደረጉት አንብቡ።

መረጃ ስታወጡ

የሪቪውን የኅትመት ዓመት ሁሉም ይመዘግባል። የፍለጋውን ቀን ግን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በ2021 የታተመ ሪቪው ፍለጋውን የጨረሰው በ2018 ሊሆን ይችላል። «የቅርብ ጊዜ» የሚባለው በፍለጋው ቀን ነው።

ከዚያ ውጪ ያው የተለመደው ነው፦ የጥናት ብዛት፣ የሰው ብዛት፣ ውጤቱ ከነኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ (እውነተኛው ቁጥር ሊሆንበት የሚችለው ክልል)፣ አይ ስኩዌር (ጥናቶቹ ምን ያህል እንደሚለያዩ)፣ ካለ ፕሪዲክሽን ኢንተርቫል (አዲስ ጥናት ሊያገኘው የሚችለው ክልል)፣ ማን ከፈለው። ከየሪቪው ሁለት ሦስት መነሻ ጥናት በዕጣ አውጥታችሁ ዋናውን ጽሑፍ ክፈቱና ቁጥሩን አመሳክሩ። ስታንዳርድ ኤረርን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው ብሎ ያስገባ ሪቪው አጋጥሞኛል። ስታንዳርድ ኤረር ያነሰ ቁጥር ስለሆነ ያ አንድ ስህተት አንድ ትንሽ ጥናትን ንጉሥ ያደርገዋል።

ማቀናጀት

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ተመለስን። ፑል ላድርጋቸው?

ሜታ አናሊሲስ የሚሠራው የሚገቡት ቁጥሮች አንዱ ከሌላው የማይገናኙ ናቸው በሚል ግምት ነው። የሰባት ሪቪዎችን የተጠቃለለ ቁጥር መልሳችሁ ስትጠቀልሉ፣ ያው ጥናት በሰባት በር ይገባል። ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ይጠባል። እርግጠኛ የሆናችሁ ይመስላችኋል። ምንም አዲስ ሰው አልጠየቃችሁም፤ ያንኑ ሰው ደጋግማችሁ ነው የሰማችሁት። ተደራራቢነት ጨርሶ ከሌለ ሌላ ነገር ነው፤ ያ ግን ከስንት አንዴ ነው።

የሚያዋጡት መንገዶች ሌሎች ናቸው። ለየጉዳዩ አንድ ሪቪው መምረጥ ይቻላል፤ ፍለጋው የቅርብ የሆነውን፣ ብዙ ጥናት የያዘውን፣ በጥራት የተሻለውን። ሦስቱ አንድ ላይ ካልተገኙ ማን እንደሚቀድም ፕሮቶኮላችሁ ላይ ጽፋችኋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ወይም ሁሉንም ሪቪዎች በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ተደራራቢነታቸውን እያሳያችሁ ለምን እንደተለያዩ ታስረዳላችሁ። እኔ ብዙ ጊዜ ይሄን ነው የምመርጠው። ወይም ደግሞ ወደ መነሻ ጥናቶቹ ወርዳችሁ፣ ድግግሞሹን አውጥታችሁ፣ 30ዎቹን ብቻ ይዛችሁ አዲስ ሜታ አናሊሲስ ትሠራላችሁ። ጥሩ ነው፣ ከባድ ነው፤ ያኔ ግን የሠራችሁት ወደ ሲስተማቲክ ሪቪው የተጠጋ ነገር መሆኑን በግልጽ ጻፉት።

«ከሰባቱ አምስቱ ይጠቅማል ብለዋል» የሚለውን ተዉት። የእጅ ማውጣት ድምፅ ቆጠራ ነው፤ አምስቱ አንድ ጥናት ላይ ቆመው ሊሆን ይችላል።

ሪቪዎች ሲጣሉ

እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ታሪክ ላንሣ። ያለጊዜው ምጥ የመጣባት እናት ስቴሮይድ ብትወጋ የሕፃኑ ሳንባ ቶሎ ይበስላል። ሊጊንስና ሃዊ ኒውዚላንድ ውስጥ ይህን በሰው ላይ ሞክረው ያሳተሙት በ1972 ነው። ሲስተማቲክ ሪቪዎችን የሚያዘጋጀው የኮክሬን ድርጅት አርማ ላይ ያሉት አግድም መስመሮች የዚሁ ሕክምና ሙከራዎች ናቸው። ለዓመታት «ይጠቅማል» የማይል ሪቪው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ከዚያ በ2015 በአርጀንቲና፣ በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በፓኪስታንና በዛምቢያ የተሠራ ትልቅ ሙከራ ወጣ። ሕክምናውን እስከ ታችኛው የጤና ተቋም አውርዶ ሲያዩት ጥቅሙ አልታየም፤ እንዲያውም በጠቅላላው የአራስ ሞት ጨመረ። በ2020 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ያስተባበረው ሌላ ሙከራ በባንግላዴሽ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን ሆስፒታሎች ተሠርቶ የአራስ ሞትን እንደሚቀንስ አሳየ።

አሁን ሦስት ሪቪው አስቡ፤ አንዱ ከ2015 በፊት የፈለገ፣ አንዱ በመካከል፣ አንዱ ከ2020 በኋላ። ሦስቱ ቢለያዩ አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም። ኬንያ፣ ሕንድና ፓኪስታን በሁለቱም ሙከራ አሉ፤ ስለዚህ ልዩነቱን አገሩ ላይ ማላከክም አይቻልም። የመጀመሪያው የእርግዝናውን ዕድሜ በግምት ነበር የሚያውቀው፤ መርፌውን ከወሰዱት ብዙዎቹ ኋላ ላይ ጊዜያቸውን ጠብቀው ወለዱ። ሁለተኛው በአልትራሳውንድ ዕድሜውን እያረጋገጠ፣ አራስ ሕፃን መንከባከብ በሚችል ሆስፒታል ውስጥ ነው የተሠራው። ጤና ጣቢያ ለምትሠራ ሚድዋይፍ የሚጠቅማት አማካዩ ቁጥር አይደለም። «የት፣ ለማን፣ ምን ሲሟላ» የሚለው ነው። አምብሬላ ሪቪው ይህን ካላወጣላት ምን ሠራላት?

ስለዚህ ሪቪዎች ሲጣረሱ የምጠይቀው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ የፈለጉበት ጊዜ ይለያያል? የያዟቸው ጥናቶች ይለያያሉ? ተመሳሳይ ጥናት ይዘው ቁጥሩን የተለያየ አድርገው ነው ያወጡት? ቁጥሩ አንድ ሆኖ አተረጓጎሙ ነው የተለየው? አብዛኛው ጠብ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ይፈታል፤ ሠንጠረዡ እጃችሁ ላይ ስላለ መልሱ በአምስት ደቂቃ ይገኛል።

መጻፍ

ለአምብሬላ ሪቪው የተዘጋጀው የአጻጻፍ መመሪያ ፕራዮር ይባላል። በ2022 ወጣ፤ 27 ነጥብ አለው። ፕሪዝማ 2020ም 27 ነጥብ ስላለው ሰው ያምታታቸዋል፤ ፕሪዝማ ግን ለሲስተማቲክ ሪቪው ነው። የተደራራቢነት ሠንጠረዣችሁን በሙሉ አባሪ አድርጉት። እንዳለ፣ ግራጫ ሳጥኖቹ ሳይቀሩ።

ስትደመድሙ «የሚጠቅም ለመሆኑ ማስረጃ አልተገኘም» እና «አይጠቅምም» የሚሉትን አትቀላቅሉ። ውጤቱን ለጤና ቢሮ የምታቀርቡ ከሆነ አንድ ገጽ በአማርኛ ጻፉ፤ ስለ ሲሲኤ ሳይሆን «ስንት የተለያየ ጥናት አለ፣ ምን ያህል እንመነው» የሚለውን።

ተማሪዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ኤክሴሉን ላከችልኝ። በጥንቃቄ ነው የሠራችው፤ ቀለሙ ሳይቀር ያምራል። ወደ ታች ስወርድ ሁለት ረድፍ ላይ ዓይኔ ቆመ። አንዱ ናዝሬት ይላል፣ ሌላው አዳማ። የደራሲው ስም አይገጥምም፣ ዓመቱም በአንድ ይለያያል። ወሩ ግን አንድ ነው፣ ናሙናውም 422 አይደለም። ደወልኩላት።

«አይቻቸዋለሁ መምህር» አለችኝ። «ዋናውን ጽሑፍ ለማግኘት ሂናሪ እየሞከርኩ ነው። እስከዚያው ቢጫ ቀብቼ ያቆየኋቸው እኮ ለዚህ ነው።»